ድንቹ፣ እንቁላሉና ስልኩ፦ ትክክለኛው ሴል የቱ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የሐዋሳ የባዮሎጂ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። (ዲፊውዥን የሞለኪውሎች መሰራጨት ነው፤ ኦስሞሲስ ደግሞ ውሃ በሽፋን በኩል ማለፉ ነው።)

«የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ዲፊውዥንና ኦስሞሲስ ሳስተምር ሦስት ነገር አሳየኋቸው። ድንች ቆርጠን ጨው ውሃ ውስጥ ነከርን። የእንቁላል ቅርፊት በአቼቶ አሟሙተን እንቁላሉን ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ አስቀመጥን። በስልክ ደግሞ ሲሙሌሽን፣ ማለትም የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚያስመስል ተንቀሳቃሽ ምስል፣ አየን። ድንቹ ለሰለሰ፤ የአንዱ ቡድን ድንች ግን ጭራሽ ክብደት ጨመረ። እንቁላሉ ተጨማደደ። ስልኩ ላይ ሞለኪውሎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳሉ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ‹ቲቸር፣ ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?› አለኝ። ምን ልበለው? ላብራቶሪ የሚባል ነገር የለንም፤ ክፍሉም በልጅ የተሞላ ነው።»

መምህርት፣ ልጁ የጠየቀው ትልቅ ጥያቄ ነው። ሦስቱም ሞዴሎች ናቸው። የእውነተኛ ሴል ሥራ የምናየው ድንቹ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የምናየው የብዙ ሴሎችን ድምር እንጂ የአንዱን ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ሞዴል ለአንድ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ለሌላው ጥያቄ ዝም ይላል፤ አንዳንዴም ያሳስታል። ስለዚህ ልጁን «ይሄኛው ሞዴል ለየትኛው ጥያቄ ነው የሚሆነው? ምኑንስ አይነግረንም?» ብለው መልሰው ይጠይቁት። ይህን ለማድረግ ግን እኛ ራሳችን የእያንዳንዱን ድንበር ማወቅ አለብን።

ከስልኩ ልጀምር። ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ «ሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ አነሱበት ይሄዳሉ» እንላለን። ተማሪው ይህን ሲሰማ ሞለኪውሉ መንገዱን የሚያውቅ ይመስለዋል። አያውቅም። እያንዳንዱ ሞለኪውል በሙቀት ምክንያት ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋጫል፤ ግራም ቀኝም ይሄዳል። ከበዛበት በኩል ብዙ የሚወጣው እዚያ ብዙ ስላለ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ስልኩ በዚህ በኩል ትክክል ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ሲሙሌሽኑ ቅንጣቶቹን ባዶ ቦታ ላይ አራርቆ ይስላቸዋል። እውነተኛው የሴል ውስጥ ግን በውሃና በፕሮቲን የታጨቀ ነው። ይህን አንዴ ይንገሯቸውና ይለፉ።

ያንኑ ነገር ያለ ስልክ ማሳየት ይቻላል። ከሁሉም ሞዴሎች የምወደውም ይህን ነው። ሃያ ፍሬ ቦሎቄ ይውሰዱና ከ1 እስከ 20 ቁጥር ይጻፉባቸው። ሁለት ሳህን ያዘጋጁ፤ ቦሎቄውን በሙሉ ግራኛው ሳህን ላይ ያድርጉት። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ጠቅልለው ኮፍያ ውስጥ ይጨምሩ። አንድ ተማሪ ዕጣ ያወጣል። ቁጥሩ የወጣው ቦሎቄ ካለበት ሳህን ወደ ሌላው ይዛወራል። ወረቀቱ ተመልሶ ይገባል፤ ቀጣዩ ተማሪ ያወጣል። አንዱ ልጅ በየዙሩ ግራ ሳህን ላይ የቀረውን ብዛት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል።

የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ጥርጥር አንድ ቦሎቄ ወደ ቀኝ ይወስዳል። ቀጥሎም ወደ ቀኝ የመሄድ ዕድሉ ከ20 19 ነው። ቁጥሩ እየወረደ ወደ 10 ይጠጋል። ከዚያ በኋላ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 11 እያለ ይወዛወዛል እንጂ አይቆምም። ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ሁለት ነገር በዓይናቸው ያያሉ። አንደኛ፣ የትኛውም ቦሎቄ የት መሄድ እንዳለበት አላወቀም፤ ሁሉም ነገር ዕጣ ነበር። ሁለተኛ፣ እኩል መሆን ማለት መቆም አይደለም። ዕጣው ይወጣል፣ ቦሎቄው ይዛወራል፤ የሚሄደውና የሚመጣው ስለተመጣጠነ ብቻ ብዛቱ እዚያው አካባቢ ይቆያል። «ኢኩሊብሪየም ላይ ሲደርስ ሞለኪውሎቹ ይቆማሉ» የሚለውን የተሳሳተ ሐሳብ ከዚህ በተሻለ የሚያጠራ ነገር አላየሁም። ይህን ሞዴል ያወጡት ፖልና ታቲያና ኤረንፌስት የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ዘመኑ 1907 እ.ኤ.አ. ነው። በ20 ፍሬ ውዝዋዜው ጎልቶ ይታያል። በሴል ውስጥ የሞለኪውሉ ብዛት እጅግ ትልቅ ስለሆነ ውዝዋዜው አይታወቅም።

ቦሎቄው የማይነግረን ርቀትን ነው። ለዚያ አንድ ተማሪ ወለል ላይ ያቁሙና ሳንቲም ያስወርውሩት። አንበሳው ከወጣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሌላው ከወጣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ። ብዙ ልጆች ይህን ቢያደርጉ፣ ከ100 ውርወራ በኋላ ከመነሻቸው የሚርቁት በተለመደው ልክ 10 እርምጃ ያህል ነው። 20 እርምጃ ለመራቅ 400 ውርወራ ይፈልጋሉ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ወደ ግሉኮስ ሞለኪውል ብናመጣው በውሃ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር ለመሄድ፣ ማለትም የአንድ ሴል ያህል ወርድ ለማቋረጥ፣ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። 1 ሚሊሜትር ከአሥር ደቂቃ በላይ ይወስድበታል። 1 ሴንቲሜትር አንድ ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። 1 ሜትር ከ20 ዓመት በላይ። ሴል ለምን ትንሽ እንደሆነ፣ እኛም ልብና የደም ሥር ለምን እንደሚያስፈልገን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ቀድመው አይንገሯቸው።

አሁን ወደ ሽፋኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ ተሳስቶ የሚቀረው እዚህ ነው።

የሴል ሽፋንን «ወንፊት ነው፤ ትንሹን ያሳልፋል፣ ትልቁን ያስቀራል» ብለን እናስተምራለን። ይህም ሞዴል ነው። በላብራቶሪ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የዳያሊሲስ ቱቦ በእርግጥ ወንፊት ነው፤ በቀዳዳዎቹ ግሉኮስ ያልፋል፣ ስታርች አያልፍም። የሴል ሽፋን ግን እንዲህ አይሠራም። ሁለት ነገሮችን እናወዳድር። የጨው ሶዲየም አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ክብደቱ በአቶም ሚዛን 23 ነው። ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን 288 ነው፤ ከአሥር እጥፍ በላይ። ሽፋኑ ወንፊት ቢሆን ኖሮ ሶዲየሙ ማለፍ፣ ሆርሞኑ መቅረት ነበረበት። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ሆርሞኑ ዘልቆ ይገባል፤ ሶዲየሙ ደጅ ይቀራል። ምክንያቱ ሽፋኑ የቅባት ንጣፍ መሆኑ ነው። ቅባት ውስጥ የሚሟሟ ነገር ያልፋል። ሶዲየም ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ ስላለው ውሃን አጥብቆ ይይዛል፤ ቅባት ውስጥ አይገባም። ቻርልስ ኤርነስት ኦቨርተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በዘይት የሚሟሙ ነገሮች ወደ ሴል ቶሎ እንደሚገቡ አስተውሎ ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. ጎርተርና ግሬንዴል የተባሉ ተመራማሪዎች ሽፋኑ ሁለት ንጣፍ ቅባት ነው አሉ።

ይህን በሐዋሳ ገበያ ዕቃ ማሳየት ይችላሉ። ትንሽ ቡላ በውሃ ይበጥብጡና ስስ የዳቦ ላስቲክ ውስጥ ጨምረው አጥብቀው ይሰሩት። ላስቲኩን ከውጭ በደንብ ይጠቡት። ከዚያ አዮዲን ጠብ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት። አዮዲኑ ቲንክቸር የሚባለው ይሁን፤ ፖቪዶን ያለበት ከሆነ አዮዲኑ ከትልቅ ሞለኪውል ጋር ስለተያያዘ ሥራውን ያጓትትብዎታል። ቡላ ስታርች ነው፤ አዮዲን ደግሞ ስታርችን ያጠቁራል። ቆይቶ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ቡላ ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት ይለወጣል። ውጭ ያለው ውሃ ግን አይጠቁርም። አዮዲኑ ገብቷል፤ ስታርቹ አልወጣም።

ተማሪዎቹ ወዲያው «ላስቲኩ ቀዳዳ አለው» ይላሉ። ያኔ ውሃ የሞላበት ሌላ ላስቲክ ከፍ አድርገው ያሳዩዋቸው፤ አያፈስም። የውሃ ሞለኪውል ከአዮዲን ሞለኪውል በጣም ያነሰ ነው። ትንሹ ሳያልፍ ትልቁ እንዴት አለፈ? አዮዲኑ ላስቲኩ ውስጥ ራሱ ሟሙቶ ነው ያለፈው። ላስቲኩ በዚህ ጠባዩ ከዳያሊሲስ ቱቦ ይልቅ ለሴል ሽፋን ቅባት ይቀርባል። ውሃ ስለማያሳልፍ ግን ለኦስሞሲስ አይሆንም። ስለዚህ የላስቲኩ ሞዴል በአንድ በኩል ሲያስተምር በሌላ በኩል ቀጣዩን ጥያቄ ይወልዳል፦ ውሃ ቅባት የማይወድ ከሆነ ወደ ሴል በዚያ ፍጥነት እንዴት ይገባል?

ጥቂቱ በቅባቱ መሐል ሾልኮ ያልፋል። ይህ ብቻውን ግን የቀይ የደም ሴልን ፍጥነት አይመጥንም። መልሱ የተገኘው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተገኘውም በሞዴል ነው። ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ ከቀይ የደም ሴል ያገኙት አንድ ፕሮቲን የውሃ በር ይሆን ብለው ጠረጠሩ። የእንቁራሪት እንቁላል ወሰዱ። የእንቁራሪት እንቁላል ውሃ በቀላሉ አያስገባም፤ ቢያስገባ ኩሬ ውስጥ በፈነዳ ነበር። ፕሮቲኑን የሚያሠራውን መልእክት፣ ማለትም አር ኤን ኤ፣ እንቁላሉ ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ ጨው የቀነሰ ውሃ ውስጥ ከተቱት። መልእክቱ የተሰጠው እንቁላል አብጦ ፈነዳ። ያልተሰጠው ምንም አልሆነም። ፕሮቲኑ አኳፖሪን ተባለ። አንዱ በር በሴኮንድ ሦስት ቢሊዮን ያህል የውሃ ሞለኪውል ያሳልፋል። አግሬ ለዚህ ሥራው በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እርስዎ በአቼቶ የላጡት እንቁላልና የአግሬ እንቁላል ሽፋናቸው ቢለያይም የሙከራው ሐሳብ ተቀራራቢ መሆኑን ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

የእርስዎን እንቁላል በተመለከተ ብዙ አልልም። ከኋላ ወንበር ላለው ልጅ ሳይቀር ይታያል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ከቅርፊቱ ሥር የቀረው ቆዳ ከፕሮቲን ክሮች የተሠራ መረብ ነው። የቅባት ንጣፍ የለውም፤ በርም የለውም። ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል፤ ሽፋኑ እንዴት እንደሚመርጥ አያሳይም። አንድ ነገር ደግሞ ይጠንቀቁ። አቼቶ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ እንቁላሉ እዚያው እያለ ያብጣል። ከአቼቶው ሲወጣም፣ ከስኳሩ ሲወጣም ይመዘን። አለበለዚያ የትኛው ለውጥ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ድንቹ ላይ ግን መቆየት ይገባናል፤ ያ «የተበላሸ» የተባለው ቡድን የሠራው ትክክል ነው። ድንቹ ክብደት የጨመረው ጨው ውሃቸው ቀጭን ስለነበር ነው። የድንቹ ሴሎች ውስጥ የሟሟው ነገር ከውጭው በልጦ ነበር፤ ስለዚህ ውሃ ወደ ውስጥ ገባ። ይህን ስህተት ብለው አይለፉት፤ ትምህርት ያድርጉት። አምስት ዕቃ ውስጥ እኩል ውሃ ይሙሉ። የመጀመሪያው ጨው አይኑረው። የቀሩት በሊትር 5፣ 10፣ 20 እና 40 ግራም ይኑራቸው። አንድ መጠን ያላቸው የድንች ቁራጮች ልጣጩ ተነስቶ፣ ተመዝነው ይግቡ። ሲወጡ በጨርቅ ደረቅ ደረቅ ተደርገው እንደገና ይመዘኑ። ለውጡን በፐርሰንት አስልተው ግራፍ ይሥሩ። መስመሩ ዜሮን የሚቆርጥበት ቦታ ላይ የውጭውና የውስጡ ሚዛን እኩል ነው። ተማሪዎቹ ሴል ውስጥ ሳይገቡ የሴሉን ውስጥ ለኩ ማለት ነው።

ስኳር ስለተወደደ ጨው መጠቀምዎ ጥሩ ነው። ከዚህም በላይ ጥሩ ትምህርት አለው። ጨው ሲሟሟ ለሁለት ቅንጣት ይከፈላል፤ ቅንጣቱም ቀላል ነው። በሊትር 9 ግራም ጨው የሚያደርገውን ለማድረግ 100 ግራም ያህል ስኳር ይፈልጋል። ዘጠኙ ግራም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሆስፒታል የሚሰጠው ኖርማል ሳላይን በሊትር 9 ግራም ጨው ነው፤ ቀይ የደም ሴል በዚያ ውስጥ አያብጥም፣ አይጨማደድም። የተጣራ ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን ይፈነዳል። የድንች ሴል አይፈነዳም፤ ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ የሴል ግድግዳ አለውና።

ድንቹን በሌላ መልክም ይጠቀሙበት። ሁለት ድንች እንደ ሲኒ ይቦርቡሩ፤ አንዱ ጥሬ፣ አንዱ የተቀቀለ ይሁን። ሁለቱም ውስጥ ትንሽ ስኳር ያድርጉና ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ያቁሟቸው። ከሰዓታት በኋላ ጥሬው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የተቀቀለው ውስጥ አይጠራቀምም፤ ሙቀቱ ሽፋኖቹን አበላሽቷቸዋል። ኦስሞሲስ የሚሠራው ሽፋን እስካለ ድረስ እንደሆነ ይህ ሙከራ በግልጽ ያሳያል።

ምናልባት አንድ ልጅ «ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ እውነተኛ ሳይንቲስት በሴል ነው የሚሠራው» ይል ይሆናል። የቪልሄልም ፕፌፈርን ታሪክ ይንገሩት። ፕፌፈር የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። በሴል ውስጥ ያለውን ግፊት ማወቅ ፈለገ፤ ሴል ውስጥ መለኪያ ማስገባት ግን በዚያ ዘመን አይቻልም። ስለዚህ የሸክላ ዕቃ ወሰደ። በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ከመዳብ ውሁድ ሽፋን ሠራ፤ ይህን ሽፋን ሞሪትዝ ትራውበ በ1867 እ.ኤ.አ. አሳይቶ ነበር። የስኳር ውሃ ሞልቶ ግፊቱን ለካ። በ1877 አሳተመው። ከአሥር ዓመት በኋላ ቫንት ሆፍ የተባለ ኬሚስት የፕፌፈርን ቁጥሮች ይዞ የኦስሞሲስ ግፊት ሕግን ጻፈ። በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል የተቀበለው እሱ ነው። ሕጉ የወጣው ከሸክላ እንጂ ከሴል አይደለም።

ሕጉ ሲሰላ የሚያስደንቅ ቁጥር ይወጣል። ደማችን ውስጥ በሊትር 0.3 ሞል (ሞል የቅንጣት ብዛት መለኪያ ነው) ያህል ቅንጣት አለ። ይህ በሰውነት ሙቀት፣ ከተጣራ ውሃ ጋር በሽፋን ቢለያይ፣ ከ7 አትሞስፌር በላይ ግፊት ይሰጣል፤ ከ70 ሜትር በላይ ቁመት ካለው የውሃ ዓምድ ግፊት ጋር እኩል ነው። ቀይ የደም ሴል ቢፈነዳ ምን ይገርማል? ቁምነገሩ ግን ሕጉ የሚቆጥረው የሟሟውን ቅንጣት ብዛት መሆኑ ነው። «ውሃ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል» የሚለው አነጋገር አቅጣጫውን ይነግራል፤ መጠኑን አይነግርም። ለ9ኛ ክፍል «ውሃ በብዛት የሚሄደው የሟሟው ቅንጣት ወደ በዛበት ነው» ቢሉ ይሻላል። ኋላ ከፍ ሲሉ ማፍረስ አያስፈልጋቸውም።

አሁን ሁሉም ሞዴሎች ዝም ወደሚሉበት ቦታ እንምጣ። ለዚህ ከከተማችን ሐይቅ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አሞራ ገደል፣ የዓሳ ገበያው ላይ፣ የሚሸጠውን ቆሮሶ የተባለ ዓሳ ያስቡ። የሐዋሳ ሐይቅ በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም፤ ያም ሆኖ እንደ ሻላና አብያታ ጨዋማ አይደለም። የዓሳው ደም ከሐይቁ ውሃ ይልቅ ብዙ ጨው አለው። ስለዚህ ቀንና ሌሊት በስንጥቡ በኩል ውሃ ይገባበታል፤ ጨው ደግሞ ይወጣበታል። እንደ ድንቹ ቢሆን ኖሮ ያብጥ ነበር። እንደ ቦሎቄው ቢሆን ከሐይቁ ጋር እኩል ይሆን ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ዓሳው ውሃ ብዙም አይጠጣም። ኩላሊቱ ቀጭን ሽንት በብዛት ያስወጣል። ስንጥቡ ላይ ያሉ ሴሎች ኃይል አውጥተው ጨውን ከሐይቁ ይሰበስባሉ።

የእኛም ሴሎች እንደዚያው ናቸው። ሽፋናቸው ላይ ሶዲየምን የሚያስወጣ ፓምፕ አለ። የንስ ስኮው የተባለ ተመራማሪ በ1957 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ በ1997 ኖቤል ተሸለመበት። በየዙሩ ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ለዚህም ኤ ቲ ፒ የተባለውን የሴሉን ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል ያቃጥላል። ፓምፑ ቢቆም ሶዲየሙ ይገባል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ ሴሉ ያብጣል። ሕይወት ያለው ሴል ከውጭው ጋር እኩል ላለመሆን ያለማቋረጥ ኃይል ያወጣል። እንቁላሉም፣ ላስቲኩም፣ ቦሎቄውም ይህን አያደርጉም።

ክፍሉ በልጅ የተሞላ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይሞክሩት። እኔ ብሆን ቦሎቄውን አስቀድማለሁ፤ ወጪ የለውም፣ ሁሉም ይሳተፋል። ቀጥዬ ላስቲኩንና ቡላውን። ከዚያ ድንቹን በአምስቱ ጨው፤ አንዱ ቡድን አንዱን ዕቃ ይያዝና ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ይሰብሰብ። እንቁላሉ ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ዓሳውን ለመጨረሻ ያስቀምጡት። ፈተና ላይ «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ከሚሉ የድንቹን ሠንጠረዥ ይስጧቸውና ሚዛኑ የት እንደሆነ ይፈልጉ፤ በሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይህ ሙከራ ስለ ሽፋኑ የማይነግረንን አንድ ነገር ይጻፉ።

እጁን ያወጣው ልጅ ግራፉን እንዲሠራ ኃላፊነቱን ይስጡት። ሲጨርስ መስመሩ ዜሮን በስንት ግራም ጨው ላይ እንደቆረጠ ይጻፉልኝ። የድንቹን ዓይነትና ከተቆፈረ ምን ያህል እንደቆየ ካወቁም ይጨምሩበት፤ ቁጥሩ በዚህ ይለያያልና።